ጋሽ ዱካሞ እና ባዶው ሰፈርታስ

ጋሽ ዱካሞ ማረፋቸውን የነገረኝ የመሥሪያ ቤታችን ዘበኛ ነው። ጠዋት በር ላይ አቆመኝና ኮፍያውን አውልቆ፣ «ድሬሰሩ አረፉ እኮ» አለኝ። ቀጥሎም ልቤን የሚያቀልልኝ መስሎት፣ እየሳቁ ነው አሉ የሞቱት አለ። አመስግኜው ገባሁ። የጽሕፈት መኪናዬን ሽፋን አነሣሁ፤ ወረቀት አስገባሁ፤ እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ አንዲት ፊደል ሳልመታ ተቀመጥሁ።

እየሳቁ አልሞቱም። በመጨረሻው ሳምንታቸው በየቀኑ አጠገባቸው ስለ ነበርሁ አውቃለሁ። ይህን የምጽፈው ስማቸውን ለማጉደፍ አይደለም። ከባለቤቴ ከአበራ ቀጥሎ እንደ እሳቸው የወደድሁት ሰው የለም፤ እንደ እሳቸው የተቀየምሁትም የለም። ስንት ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። አንዱን ገጽ ለመጨረስ አንዳንዴ ሳምንት ይፈጅብኛል።

አጭር ሰው ነበሩ፤ ደረታቸው ሰፊ፣ እጃቸው ለቁመታቸው የሚተልቅ። ቡሹሎ በኩል፣ እንሰት በበዛበት ጓሮ ውስጥ ካለችው ቤታቸው ተነሥተው ከተማ ቁስል አጣቢ፣ ድሬሰር ሆነው ወደሚሠሩበት ክሊኒክ በብስክሌት ይመጡ ነበር። የጋዋናቸው እጅጌ ሁልጊዜ እስከ ክርናቸው የተጠቀለለ ነው። ሳቃቸው ከትከሻቸው ይጀምራል፤ መጀመሪያ ትከሻቸው ሁለት ሦስት ጊዜ ይነቀነቅና ድምፁ በኋላ ይመጣል። ወረፋ የሚጠብቁት ሕመምተኞች ገና ትከሻቸውን ሲያዩ መሳቅ ይጀምሩ ነበር።

ያወቅኋቸው ሙሽራ ሳለሁ ነው። አበራ አስተማሪ ነበር፤ እኔ ከይርጋለም አግብቶኝ አዋሳ ከመጣሁ ሁለተኛ ወሬ ነበር። ይርጋለም ዓሣ ጠብሼ አላውቅም። ለመጀመሪያ ጊዜ ስሞክር ዘይቱ ገንፍሎ ፕሪሙስ ምድጃው ነደደና ቀኝ እጄን አቃጠለኝ። ጋሽ ዱካሞ ቁስሉን ሲያዩ ምን እንደ ሆነ ጠየቁኝና ነገርኋቸው። ዓሣውስ አሉ። ጥሬውን ነው የቀረው አልኋቸው። «እንግዲያው ዓሣው ዳነ፣ አንቺ ተጠበስሽ» አሉ። ስስቅ የተጣበቀውን ፋሻ መዠረጡት። ሳቄን ሳልጨርስ አልቆ ነበር።

ሁሉንም እንዲህ ነበር የሚያደርጉት። ሰው ሲጨነቅ ሥጋው ይጠብቃል፣ ደስ ያለው ሰው ቁስል ግን ቶሎ ይደርቃል፣ በሃያ ዓመት ሥራዬ በዓይኔ ያየሁት ነው ይሉ ነበር። ከዚያ የተነሣ መርፌውንም ፋሻውንም ከመንካታቸው በፊት እያንዳንዱን ሕመምተኛ፣ ዛሬ በምን ደስ አለህ፣ በምን ደስ አለሽ ብለው ይጠይቃሉ። በምንም የሚል ካለ ቆመው ይጠብቁታል። አንዱ ገበሬ ሲጨንቀው፣ ወረፋዬ ስለ ደረሰ ብሏቸው ክሊኒኩ በሙሉ እንደ ሳቀ አስታውሳለሁ። ለእሳቸው ግን ቀልድ ብቻ አልነበረም። ደስታ ጌታ ለሰው ሥጋ የሰጠው መድኃኒት ነው ብለው ከልባቸው ያምኑ ነበር። ያም ሆኖ መድኃኒት አስጥለው አያውቁም። አንዲት የሳንባ ሕመምተኛ ተጸልዮልኛል ብላ ክኒኗን ልታቆም ስትል፣ ክኒኑን ለሠራው ሰው አእምሮ የሰጠው ማን መሰለሽ ብለው በቁጣ እዚያው ፊታቸው አስዋጧት።

ቤተ ክርስቲያናችን ተዘግቶ የቀበሌ መሰብሰቢያ ከሆነ በኋላ በየቤቱ መሰብሰብ ጀመርን። የእኛ ቤት ከመናኸሪያው ጀርባ ስለ ነበር ተመረጠ። የአውቶቡስ ጥሩምባና መንገደኛ የሚጠሩት ረዳቶች ጩኸት መዝሙራችንን ይሸፍነዋል። ጋሽ ዱካሞ በመስኮቱ አጠገብ ይቀመጡና አውቶቡስ ሲገባ እጃቸውን ከፍ፣ ሲወጣ ዝቅ ያደርጋሉ፤ እኛም ድምፃችንን በእጃቸው ልክ እናደርጋለን። ሁለት ዓመት እንዲህ ዘመርን። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ አብዮት ጠባቂዎች በሩን ከፈቱ።

ሴቶቹን ያንኑ ዕለት ለቀቁን። ወንዶቹን ዳግመኛ አንሰበሰብም የሚል ወረቀት ላይ እንዲፈርሙ ጠየቋቸው። በሁለት ሳምንት ውስጥ አንድ በአንድ ፈርመው ወጡ። በማናቸውም አልፈርድም፤ ሁሉም ልጆች ነበሯቸው። ያልፈረሙት አበራና ጋሽ ዱካሞ ብቻ ቀሩ። እውነቱን ልጻፍ፤ እኔ አበራ እንዲፈርም እፈልግ ነበር። የአራት ወር ነፍሰ ጡር ነበርሁ። ግን መገናኘት አይፈቀድም ነበርና የምነግርበት መንገድ አልነበረኝም።

የሚፈቀደው ስንቅ ማቀበል ብቻ ነው። በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ ስሙ የተጻፈበትን ባለ ሦስት ድርብ ሰፈርታስ ለዘበኛው እሰጣለሁ፤ የትናንቱን እቀበላለሁ። እዚያ በር ላይ የምንቆም ሴቶች ሁሉ የባሎቻችንን ነገር የምናውቀው ከዚያ ዕቃ ነበር። ከሰላምታ በፊት ክዳን እንከፍታለን። ወጡ የተረፈላት ሴት ፊቷ ይጠቁራል፤ ሳይነካ የተመለሰላት እዚያው መሬት ላይ ትቀመጣለች። የእኔ ሁልጊዜ ባዶ ነበር፤ በጣት ተጠርጎ የተበላ። አንዷ ጎረቤቴ፣ «የአንቺ ባል ሰርግ ቤት ነው እንዴ ያለው?» እያለች ታሾፍብኝ ነበር።

ያ ባዶ ዕቃ አኖረኝ። ይዤው ስመለስ በመንገድ ላይ እዘምር ነበር። ይበላል፣ ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይጠብቀዋል እያልሁ እኔም እበላ ነበር። ሌሎቹ ሴቶች ሲመነምኑ እኔ ወፈርሁ። አዋላጇ ሆዴን ለክታ፣ ጽንሱም አንቺም ደህና ናችሁ፣ ምን እየበላሽ ነው ብትለኝ፣ ደስታ አልኋት። ጋሽ ዱካሞ ይህን ቢሰሙ እንዴት ትከሻቸው ይነቀነቅ እያልሁ አስብ ነበር።

ስምንተኛ ወሬ ሲገባ፣ አንድ ሐሙስ፣ ዘበኛው ሰፈርታሱን አልቀበልም አለኝ። ከእንግዲህ አታምጪ አለ። ወደ ሌላ ቦታ አዛውራችሁት ነው ወይ ብዬ ጠየቅሁት። መሬት መሬት አየ። ከዚያ አስከሬን የሚወስድ ሰው ላኪ አለኝ።

በዚያን ዘመን አፋችንን ሞልተን መዘመር የሚፈቀድልን ቀብር ላይ ብቻ ነበር። ሁለት ዓመት ድምፃቸውን ቀብረው የኖሩ ሰዎች በአበራ መቃብር ላይ ዘመሩ። እናቴ ከይርጋለም መጥታ ነበር። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ እንዳደገችበት ደረቷን እየመታች አማቿን መጥራት ስትጀምር ሁለት ሴቶች ያዟት። እዚህ አይለቀስም፣ ወንድማችን ድል ነሥቶ ነው የሄደው አሏት። እኔንም አንዱ ሽማግሌ አቀፉኝና፣ ልጄ ለጽንሱም ጥሩ አይደለም፣ ደስ ይበልሽ አሉኝ። ታዛዥ ነበርሁ። አላለቀስሁም። እናቴ ብቻ እያየችኝ፣ «ይሄ ነገር ወዴት ይገባል የሺ?» አለችኝ።

የገባበትን በኋላ አወቅሁት። ልጄ ምሕረት ተወለደች፤ ጡቴ ሦስት ሳምንት ወተት ሰጠና ደረቀ። እንቅልፍ ተለየኝ። ከደረቴ በታች ፍም የተቀመጠ ይመስል ያቃጥለኝ ጀመር። ሐኪም ዘንድ ሄድሁ፤ ጨጓራሽ ቆስሏል፣ የሚያስጨንቅሽ ነገር ምንድን ነው አለኝ። ምንም አልሁት። ባሏ በድል የሄደ ሴት ምን ያስጨንቃታል?

ምሕረት ሁለት ወር ሲሞላት ጋሽ ዱካሞ ተፈቱ። ሳይፈርሙ ነው የወጡት። ወንድሞችና እህቶች ተሰብስበው ሊያዩዋቸው መጡና ስለ አበራ ምስክርነት እንዲሰጡ ለመኗቸው። ተነሡ፤ አበራ እየዘመረ ሄደ፣ ፊቱ ያበራ ነበር አሉ። ቤቱ በአሜን ተሞላ። ሰው ሁሉ ሲወጣ ቀረብ ብዬ ስለ እኔ የተናገረው ነገር እንዳለ ጠየቅኋቸው። ትልልቅ እጆቻቸውን እያዩ፣ «በሰላም ነው የሄደው ልጄ» አሉኝ።

ያን ቀን ውስጤ የገባው ነገር ስድስት ዓመት አልወጣም። አበራ እኔን ሳይፈልግ፣ ስሜን ሳያነሣ፣ ደስ እያለው ነው የሄደው ማለት ነው። ለሰው የማይነገር ነገር ነው። በመንግሥተ ሰማያት ቀናሁ። ማወቅ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በዚያ ክፍል ውስጥ በመጨረሻው ሰዓት ትዝ ብዬው ነበር ወይስ አልነበረም? ከዚያ ክፍል በሕይወት የወጡት ሰው ደግሞ ነግረውኝ ጨርሰዋል።

ከሳምንት በኋላ ጋሽ ዱካሞ ብቻቸውን ወደ ቤቴ መጡ። አልቀመጥም አሉ። ቆመው፣ ባርኔጣቸውን እያዞሩ ተናገሩ። አበራን ትኩሳትና ተቅማጥ የያዘው ከመሞቱ ሁለት ወር በፊት ነው። ምግብ ሆዱ አልረጋ አለ። ክኒን ለምነው የሰማቸው አልነበረም። አበራ፣ የሺ ነፍሰ ጡር ናት፣ የተረፈ ምግብ አይታ እንዳትደነግጥ፣ እርስዎ ይብሉልኝ አላቸው። ባለቤታቸው እትዬ ማርታ የሚልኩላቸውን ለሌሎች እስረኞች እየሰጡ የእኔን እሳቸው በሉት። ሁለት ወር ሙሉ፣ በጣታቸው እየጠረጉ።

ባውቅ ኖሮ ምን ባደረግሁ? በየቢሮው እግር ላይ እወድቅ ነበር። መድኃኒት በእንጀራ ጠቅልዬ እልክ ነበር። ፈርም ብዬ ከበሩ ውጭ ሆኜ እጮህ ነበር። ይህን ሁሉ ሳልናገር፣ እርስዎ ድሬሰር ነዎት ብቻ አልኋቸው። ለአንቺና ለጽንሱ ደስታው መድኃኒት ይሆናል ብዬ ነው አሉ።

«ደስታዬን ከባሌ ገላ ላይ ቆርጠው ነው የሰጡኝ» አልኋቸው፤ በሩን ከፈትሁላቸው።

ከማግሥቱ ጀምሮ እትዬ ማርታ በየጠዋቱ የራሳቸውን ላም ወተት ለምሕረት ያመጡልን ጀመር። ወተቱን እቀበላለሁ፤ ለጋሽ ዱካሞ ሰላምታ ግን ልኬ አላውቅም። ጉባኤው ሌላ ቤት መሰብሰብ ሲጀምር እኔ ከኋላ እቀመጣለሁ፣ እሳቸው ከፊት። ያስቃሉ፤ ያዘምራሉ። ሰው ሁሉ እሳቸውን አይቶ ይጽናናል። እኔ ለጨጓራዬ የተሰጠኝን ነጭ ክኒን እያኘክሁ እሄዳለሁ።

አንድ ጊዜ ከሥራ ስመለስ በሐይቁ ዳር አየኋቸው። ብስክሌታቸውን ግንድ ላይ አስደግፈው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ፊታቸው የማላውቀው ሰው ፊት ነበር፤ የደከመ፣ ያረጀ፣ ባዶ። አንድ ዓሣ አጥማጅ ድሬሰር ብሎ ሲጠራቸው ያው የማውቀው ፊት ተመልሶ በራ፤ ትከሻቸው ተነቀነቀ። ሰውየው ሲያልፍ ጠፋ። እሳቸውም ታመዋል ማለት ነው ብዬ ያሰብሁት ያን ጊዜ ነው። በመካከላችን ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። አልሄድሁም። አሁን ብዙ ጊዜ ያንን ሃያ እርምጃ አስባለሁ።

ምሕረት ስድስት ዓመት ሲሞላት ጋሽ ዱካሞ ጉበታቸውን ታመው ተኙ። አንድ እሑድ እትዬ ማርታ ወተቱን ሰጥተውኝ እንደ ወትሮው አልሄዱም። ለእኔም አልነግርሽም ያለኝ ነገር አለ፣ አንቺን ይፈልጋል አሉኝ። ምሕረትን ለጎረቤት ትቼ ቡሹሎ ሄድሁ።

የፊተኛው ክፍል ጠያቂ ሞልቶበት ይዘመራል። ጋሽ ዱካሞ ከውስጥ ተኝተዋል፤ ዓይናቸው ቢጫ ሆኗል፤ እጆቻቸው ብቻ ያው ትልልቅ ናቸው። በሩን አዘጉኝ። በምን ደስ አለሽ አላሉኝም።

ስለ ሰፈርታሱ ግማሹን ነው የነገርኩሽ አሉ። አበራ ይብሉልኝ ያለኝ መጀመሪያ ሰሞን ነው። ሁለት ሳምንት ሲቆይ ሐሳቡን ለወጠ። ምግቡ እንዳለ ይመለስላት፣ ትወቀው፣ እኔም ልፈርም ነው አለኝ። በሰማይ ስለሚጠብቀው አክሊል ነገርኩት፣ ስለ ጽንሱ ነገርኩት፣ ሁለት ቀን ሙሉ ነገርኩትና ተወው። ከዚያ በኋላ ወረቀት የሚይዝ አቅምም አልነበረውም።

ለምን እንደ ሆነ ጠየቅኋቸው። ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ።

«ብቻዬን መቅረት ፈራሁ የሺ። እሱ ከፈረመ እኔ በማግሥቱ እንደምፈርም አውቄ ነበር። ስለ ደስታ ሰውን ሁሉ ሳስተምር የኖርኩ ሰው፣ በእሱ ተደግፌ ነበር የቆምኩት።»

ከበሩ ውጭ ያሉት ሁለተኛውን መዝሙር ጀመሩ። ጋሽ ዱካሞ ድምፁን ሰምተው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«እየዘመረ አልሄደም» አሉ። «የምዘምረው እኔ ነበርኩ። እሱ ያለቅስ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ፣ የሺን አምጡልኝ፣ የሺን አንድ ጊዜ አምጡልኝ ይል ነበር። እንዳልሰማው ነው የዘመርኩት።»

ልመታቸው ይገባኝ ነበር። ስድስት ዓመት ሳስበው የኖርሁትን ሁሉ ልናገራቸው ይገባኝ ነበር። ግን የሰማሁት ስሜን ነው። ከደረቴ በታች የተቀመጠው ነገር ተነቃነቀ፤ ከዚያ ድምፅ ሆኖ ወጣ። እንደ እናቴ፣ እንደ ይርጋለም ሴቶች፣ ደረቴን እየመታሁ፣ አበራ፣ አበራዬ እያልሁ አለቀስሁ። ውጭ ያለው መዝሙር ተቋረጠ። ቀብሩ ላይ ያቀፉኝ ሽማግሌ በሩን ከፍተው፣ ልጄ እንዲህ አይደረግም ይሉኝ ጀመር።

ጋሽ ዱካሞ ከትራሱ ተነሡ። በዚያ አቅማቸው እንዴት እንደ ተነሡ አላውቅም። «ተዉአት» አሉ። «የከለከልናት እኛ ነን።»

እሳቸውም አለቀሱ። ይቅር ብያለሁ አላልኋቸውም፤ እሳቸውም አልጠየቁኝም። ፊታቸውን በነጠላዬ ጠረግሁላቸውና፣ ጋሼ ነገ እመጣለሁ አልሁ። ከዚያ በኋላ አምስት ቀን ቆዩ፤ አምስቱንም ቀን ሄድሁ። አንድ ቀን ከንፈራቸውን በእርጥብ ጨርቅ ሳርስላቸው፣ ደስታ ያድናል ስል ውሸቴን አልነበረም፣ አሁንም አምናለሁ አሉኝ። ቀጥለውም፣ «ግን በሥራዬ ሳላጥብ የሸፈንኩት ቁስል የለም። የአንቺን ብቻ ሳላጥብ ሸፈንኩት» አሉ። ያወሩኝ የመጨረሻው ነገር ይህ ነው። ጋሽ ዱካሞ የሞቱት እትዬ ማርታ እጃቸውን ይዘዋቸው፣ በጸጥታ፣ ዓይናቸው እንደ ረጠበ ነው።

አሁን እተኛለሁ። ጨጓራዬ አልፎ አልፎ ያመኛል እንጂ እንደ ድሮው አያነድደኝም። እጸልያለሁ፤ ስጸልይ አለቅሳለሁ፤ አንዳንድ ጊዜ ካለቀስሁ በኋላ የሚመጣ ቀስ ያለ ነገር አለ፤ ጋሽ ዱካሞ ደስታ ብለው የሚጠሩት ይህንን ሳይሆን አይቀርም። ያ ባይሆን ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር። በእሳቸው ላይ ያለኝ ቅያሜ ግን አልቋል ብዬ መዋሸት አልችልም። አንዳንድ ቀን ይነሣብኛል፤ ያን ቀን አልጽፍም።

ያን እሑድ ከቡሹሎ ስመለስ ዓይኔ አብጦ ነበር። ምሕረትን ከጎረቤት ወሰድኋት። ሳለቅስ አይታኝ አታውቅምና ፈራች፤ ማን መታሽ አለችኝ። ስለ አባቷ የምታውቀው እኔም ጉባኤውም የነገርናትን ብቻ ነው፤ እየዘመረ ወደ ጌታ ሄደ። አንድ ጊዜ፣ እኛን ትቶ ሲሄድ ደስ አለው ወይ ብላ ጠይቃኝ፣ እጄን እያየሁ ሌላ ነገር ነግሬያት ነበር።

አልጋው ላይ አስቀመጥኋትና፣ «አባትሽ መሄድ አልፈለገም ነበር» አልኋት። «አልቅሷል። እኛን አምጡልኝ ብሏል።»

እኔንም ነው ወይ አለችኝ። ሆዴ ውስጥ ነበርሽ፣ አንቺንም አልኋት። የስድስት ዓመት ልጅ ናት፤ አይታው አታውቅም። ፊቷን ጭኔ ላይ ደፍታ ለመጀመሪያ ጊዜ አባቷን አለቀሰች። ተይ አላልኋትም።